በሚዛኑና በደወሉ መካከል

ባለፈው ክረምት፣ በአንዱ እሑድ ማለዳ፣ የእህቴ ልጅ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ሁለት ጎልማሶች በሽቦ በታጠረ መድረክ ውስጥ ሲፋለሙ ያሳየኛል። አሜሪካኖቹ ቅዳሜ ሌሊት የሚያዩት ትርዒት እኛ ዘንድ የሚደርሰው ሰው ከቤተ ክርስቲያን በሚመለስበት ሰዓት ነው። እኔ የማውቀው የጥንቱን ቦክስ ነው፤ ወጣቶቹ ሚክስድ ማርሻል አርት የሚሉትን፣ ቡጢው፣ እርግጫው፣ ትግሉና ማነቁ ሁሉ የተፈቀደበትን ድብልቅ ፍልሚያ እምብዛም አልከታተልም። ሆኖም ዓይኔ ከተፋላሚዎቹ በአንዱ ላይ ተተክሎ ቀረ።

«ይኼኛው ስንት ኪሎ ነው?» አልኩት።

«ሰባ ነው ጋሼ።»

እንደገና አየሁት። አንገቱ የእኔን ጭን ያክላል፤ ትከሻው በር ይዘጋል። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን ሐኪም ዘንድ ተመዝኜ ሰባ ሁለት ኪሎ መሆኔን አረጋግጬ የመጣሁ ሰው ነኝ። «ይህ ሰውዬ ሰባ ከሆነ እኔ ሃምሳም አልሞላ» ብለው ከት ብሎ ሳቀና፣ «ጋሼ ደግሞ! ሰባ የነበረው እኮ ዓርብ ነው» አለኝ።

ይህች አጭር መልስ ለብዙ ቀን አልለቅ አለችኝ። ሰው ዓርብ ጠዋት ሰባ፣ ቅዳሜ ማታ ሰማንያ ከሆነ እውነተኛው ልኩ የትኛው ነው? ሚዛንስ ለምን ተፈለገ? ነገሩን ስከታተለው የአንድ ስፖርት ወግ መስሎኝ የነበረው ጉዳይ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ታሪክ ያለው፣ ወጣቶችም የሞቱበት ሆኖ አገኘሁት። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት፣ ከራሴ ትዝታ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ከወዲሁ ይያዝልኝ።

በትዝታዬ ልጀምር። በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በሰፈራችን አንድ ቦክሰኛ ነበር። ፎጣውን የምሸከምለት እኔ ነበርሁና ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ የበለጥሁ ይመስለኝ ነበር። ሰውዬው ያለ አንዳች ችግር ስልሳ ኪሎ ይመዝናል፤ የሚጋጠመው ግን በ54 ኪሎ ነው። ውድድር ሲቃረብ የላስቲክ የዝናብ ልብስ ለብሶ፣ በላዩ ሁለት ሹራብ ደርቦ፣ በጠራራ ፀሐይ ገመድ ይዘላል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት ውኃ አይጠጣም። ምራቁን እንኳ ሳይውጥ በቆርቆሮ ውስጥ እየተፋ ይውላል። እናቱ በራፉ ላይ ቆመው፣ «ይኼ ደግሞ የማን ጾም ነው? ፀሐይ ጠልቃ እንኳ አፍን ማርጠብ የሚከለክል የትኛው ጾም ነው?» እያሉ ሲያዝኑ ትዝ ይለኛል።

በውድድሩ ዕለት ጠዋት 54 ኪሎ ሆኖ ሚዛን ላይ ወጣ። ከንፈሩ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቆ ነበር። ሻይ በስኳር ጠጣ፤ ብርቱካን መጠጠ። ከሰዓት በኋላ መድረክ ላይ ሲወጣ በመጀመሪያው ዙር ጥሩ ተጫወተ። በሁለተኛው ዙር ግን ይህ ነው የሚባል ቡጢ ሳያርፍበት እግሩ ከዳው። የዚያን ዕለት ተጋጣሚው ያሸነፈው መስሎኝ ነበር። ያሸነፈው ጥማቱ መሆኑን ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው። የዚያ ጊዜ የአማተር ቦክስ ምዘና በግጥሚያው ዕለት ጠዋት በመሆኑ፣ ከሰውነቱ ያስወጣውን ውኃ መልሶ የሚተካበት ጊዜ አልነበረውም። ይህችን ነጥብ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ወደ እርስዋ እንመለሳለን።

ክብደት ቆጥሮ ሰውን የማድረቅ ልማድ ከቡጢው በፊት በፈረስ ሽቅድምድም ዓለም የታወቀ ነበር። ፈረሱ የሚሸከመው ክብደት ስለሚመዘን ፈረሰኛው ቀላል መሆን አለበት። ፍሬድ አርቸር የሚባለው እንግሊዛዊ ፈረሰኛ የዘመኑ ኮከብ ነበር፤ ለ13 ዓመታት በተከታታይ የአገሩ ቀዳሚ ፈረሰኛ ሆኗል፤ ከ2,700 በላይ ሽቅድምድሞችንም አሸንፏል። ይሁንና ተፈጥሮ ለፈረሰኛነት የማይመች ረጅም ቁመት ሰጥታዋለች። ስለዚህ ምግብ እየተወ፣ በእንፋሎት እየተቀቀለ፣ በስሙ የተጠራ ጠንካራ የሚያስቀምጥ መድኃኒት እየጠጣ ኖረ። ኮሶ ጠጥቶ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አይጠፋውም፤ ልዩነቱ አርቸር ኮሶውን የጠጣው ኑሮው አድርጎ መሆኑ ነው። በ1884 ባለቤቱ በወሊድ ሞተችበት። ልክ በሁለተኛ ዓመቷ፣ በ1886 ኅዳር ወር፣ በረኀብና በትኩሳት በተዳከመበት ሰዓት፣ በ29 ዓመቱ የራሱን ሕይወት አጠፋ።

ወደ ቡጢው እንምጣ። በጥንቱ የእንግሊዝ ባዶ እጅ ፍልሚያ ወፍራሙም ቀጭኑም ያለ ልዩነት ይጋጠም ነበር። በ1867 የወጣው የክዊንስቤሪ ደንብ ጓንትንና የሦስት ደቂቃ ዙርን ልማድ አደረገ። የክብደቱ መደብ ግን በየቦታው እንደ አዘጋጁ ፈቃድ ይለዋወጥ ነበርና፣ በ1909 የለንደኑ ናሽናል ስፖርቲንግ ክለብ ስምንት የክብደት መደቦችን ወስኖ አወጣ። ዓላማው ቅን ነበር፤ ትንሹን ሰው ከትልቁ ለመጠበቅ። ሚዛን እዚህ ላይ ዳኛ ነው። ገበያ ላይ ሻጭንና ገዢን እንደሚያስማማ ሁሉ፣ መድረክ ላይም «እናንተ እኩያሞች ናችሁ፤ ያለያያችሁ ችሎታ ብቻ ይሁን» የሚል ነው።

ዳኛ ባለበት ደግሞ ዳኛውን የሚያታልል አይጠፋም። ሆኖም ምዘናው በግጥሚያው ዕለት እስከሆነ ድረስ ለማታለሉ ልክ ነበረው። እጅግ የደረቀ ሰው ደርቆ ይጋጠማል፤ የሰፈራችን ቦክሰኛ እንደሆነውም ይሆናል። ይህ ልክ የፈረሰው፣ የሚገርመው ነገር፣ ሰውን ለማዳን በተወሰደ እርምጃ ነው።

ኅዳር 13 ቀን 1982 በላስ ቬጋስ ከተማ አሜሪካዊው ሬይ ማንሲኒና የደቡብ ኮሪያው ዱክ ኩ ኪም በ135 ፓውንድ፣ ማለትም በ61 ኪሎ ግድም፣ ለዓለም ሻምፒዮናነት ተጋጠሙ። ኪም ክብደቱን ለማሟላት ብዙ ተቸግሮ ነበር። እስከ 14ኛው ዙር ከተደባደበ በኋላ ወደቀ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም አንጎሉ ውስጥ በፈሰሰ ደም ምክንያት አረፈ። የገደለው ክብደት መቀነሱ ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም። የእርሱ ሞት ግን የቦክሱን ዓለም አናወጠው። የአሥራ አምስት ዙር ግጥሚያ ወደ አሥራ ሁለት ወረደ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥም ምዘናው ከግጥሚያው ዕለት ወደ ዋዜማው እየተዛወረ ሄደ። ምክንያቱ ምንድን ነው ቢሉ፣ የደረቀው ሰው ውኃውን መልሶ አንጎሉም አካሉም ረጥቦ እንዲጋጠም ነው።

ሐሳቡ በጎ ነበር። ሰው ግን የተሰጠውን ጊዜ ለታሰበለት ዓላማ ብቻ አይጠቀምበትም። መልሶ መጠጫ አንድ ሙሉ ቀን ካለ፣ ትናንት ሦስት ኪሎ ይጥል የነበረው ዛሬ ስድስት፣ ነገ ስምንት ይጥላል። ሚዛኑና ደወሉ በተራራቁ ቁጥር የሚዛኑ ቃል ውሸት እየሆነ ሄደ። ይህ ምን እንደሚያስከትል የካቲት 26 ቀን 2000 በኒው ዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ታየ። አርቱሮ ጋቲና ጆይ ጋማሽ በዋዜማው በ141 ፓውንድ ልክ ተመዝነው በማግስቱ ተጋጠሙ። ግጥሚያውን ያስተላለፈው ቴሌቪዥን በምሽቱ መዝኗቸው ኖሮ፣ ጋቲ ወደ 160 ፓውንድ ደርሷል። ጋማሽ ግን የጨመረው ጥቂት ነው። እኩያሞች ተብለው የቀረቡት ሰዎች ከስድስት ኪሎ በላይ ይበላለጡ ነበር ማለት ነው። ጋማሽ በሁለተኛው ዙር ተዘረረ፤ አንጎሉ ተጎድቶ ዳግመኛ አልተጋጠመም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ከአሥር ዓመት ክርክር በኋላ ዳኛው ምዘናውን የተቆጣጠረው ኮሚሽን ቸልተኛ እንደነበር ቢያምኑም ካሣ ግን አልወሰኑለትም።

እስከዚህ የነገርኳችሁ የቦክስ ታሪክ ነው። የእህቴ ልጅ የሚያየው ድብልቅ ፍልሚያ የመጣው በተቃራኒው በር ነው፤ ክብደት ከንቱ ነው ብሎ ነው የተነሣው። ኅዳር 12 ቀን 1993 በአሜሪካዋ ዴንቨር ከተማ የመጀመሪያው ዩ ኤፍ ሲ የተባለው ውድድር ሲካሄድ የክብደት መደብ አልነበረውም። ከመቶ ሰማንያ ኪሎ በላይ የሚመዝን የሱሞ ታጋይ ከግማሹ ብዙም ከማይበልጥ ደች ጋር ተጋጥሞ በሰከንዶች ውስጥ ተሸነፈ። የምሽቱ አሸናፊ ሰማንያ ኪሎ ያህል የሚመዝነው ብራዚላዊው ሮይስ ግሬሲ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ታኅሣሥ ወር ይኸው ግሬሲ ከእርሱ ሠላሳ ኪሎ በላይ የሚበልጠውን ታጋይ ዳን ሰቨርንን ከሥሩ ተጋድሞ በእግሮቹ አንቆ አሸነፈው። ዳዊትና ጎልያድን ላደገበት ሰው ከዚህ የሚጥም ትርዒት የለም።

ጥበብ ጉልበትን ማሸነፍ የሚችለው ግን ሌላው ጥበቡን እስኪማር ነው። ትልልቆቹም ሲማሩ የክብደት ነገር ተመልሶ መጣ። በሌላ በኩል እንደ ሴናተር ጆን ማኬይን ያሉ ፖለቲከኞች ውድድሩን ከዶሮ ማዋጋት ጋር እያመሳሰሉ እንዲታገድ ወተወቱ። አዘጋጆቹም ለመኖር ሲሉ ወደ ሥርዓት ገቡ። በ1997 ሁለት የክብደት መደቦች ወጡ። በ2000 ደግሞ የኒው ጀርሲ ግዛት ተቆጣጣሪዎች ያሰናዱት ደንብ ሥራ ላይ ዋለ፤ እርሱም በኋላ የአብዛኛው ዓለም ደንብ ሆነ። ዛሬ የወንዶቹ መደቦች 125፣ 135፣ 145፣ 155፣ 170፣ 185፣ 205 እና 265 ፓውንድ ናቸው። የእህቴ ልጅ «ሰባ» ያለው 155ቱን ነው። ቁጥሮቹን አስተውላችሁ ተመልከቱ። ከታች በየ10 ፓውንዱ ይሄዱና ላይ ሲደርሱ ከ185 ወደ 205፣ ከ205 ወደ 265 ይዘላሉ። በሁለቱ መካከል የተፈጠረ ሰው ምን ይሁን? ወይ ከሚበልጡት ጋር ይጋጠም፣ ወይ ራሱን አድርቆ ይውረድ። አብዛኛው መውረዱን ይመርጣል። ስፖርቱ የቦክስን መደብ ሲወርስ የዋዜማውን ምዘናም አብሮ ወርሷልና የሚወርድበትም ጊዜ አለው።

አወራረዱ እንዲህ ነው። ሳምንታት አስቀድሞ ስቡ በአመጋገብ ይቀነሳል፤ ይህ ብዙም አያስከፋም። በመጨረሻዎቹ ቀናት ጨውና እንጀራ መሰል ምግብ ይቀራል፤ በጡንቻ ውስጥ የተጠራቀመው የስንቅ ስኳር ውኃ ይዞ የሚቀመጥ ነውና እርሱ ሲያልቅ ውኃውም አብሮ ይወጣል። በመጨረሻው ሌሊት ጥም፣ ሙቅ ገንዳ፣ የእንፋሎት ክፍልና የላስቲክ ልብስ ይከተላሉ። አንድ ሊትር ላብ አንድ ኪሎ ነው። ሒሳቡ ቀላል ይመስላል፤ ሰውነት ግን በርሜል አይደለም። ውኃው ሲጎድል ደም ይወፍራል፤ ልብ ያንኑ ደም ለማዳረስ ይጣደፋል፤ ኩላሊት ማጣራት ይሳነዋል። ላብ ሲነጥፍ ሰውነት የሚበርድበት መንገድ ይዘጋል፤ ትኩሳቱም ወደ ውስጥ ይዞራል። ሚዛኑ ላይ ወጥቶ ፎቶግራፍ የተነሣው ሰው ያን ቁጥር የሚይዘው ለአንዲት ሰዓት ብቻ ነው። ከመድረኩ ሳይርቅ መጠጣት ይጀምራል።

ታዲያ የማይጀምሩም አሉ። በ1997 መጨረሻ፣ በ33 ቀናት ውስጥ ብቻ፣ በአሜሪካ ሦስት የዩኒቨርሲቲ ታጋዮች ክብደት ሲቀንሱ ሞቱ። የ19 ዓመቱ ወጣት በሰሜን ካሮላይና፣ የ22 ዓመቱ በዊስኮንሲን፣ የ21 ዓመቱ በሚቺጋን። የመጀመሪያው በ12 ሰዓት ውስጥ 15 ፓውንድ፣ የመጨረሻው በሦስት ሰዓት ውስጥ 6 ፓውንድ ለመጣል እየታገሉ ነበር። ሦስቱም ላብ የማያስወጣ ልብስ ለብሰው በሞቃት ክፍል ውስጥ ሲደክሙ ነው ልባቸው የቆመው። በ2013 መስከረም ብራዚላዊው ሌያንድሮ ሱዛ በ26 ዓመቱ በሪዮ ዴ ጃኔሮ በምዘናው ዕለት ሞተ። በ2015 ታኅሣሥ ቻይናዊው ያንግ ጂያን ቢንግ በ21 ዓመቱ ማኒላ ውስጥ ሊጋጠም ሄዶ በዋዜማው ወደቀ፤ በማግስቱም አረፈ። የእነዚህ ልጆች አሟሟት አንድ ነገር ያመሳስለዋል፤ አንዳቸውንም ተጋጣሚ አልነካቸውም።

ይህን ሁሉ ሳነብ ከአእምሮዬ ያልጠፋው ሰው ግን በሕይወት ያለ ነው። ዳንኤል ኮርሚየር ይባላል። በ2008 በቤጂንግ ኦሎምፒክ የአሜሪካ የነፃ ትግል ቡድን አምበል ነበር። በ96 ኪሎ ለመታገል ሲል ሰውነቱን አድርቆ ኩላሊቶቹ ሥራ አቆሙ፤ ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀውን ውድድር ሆስፒታል ተኝቶ አመለጠው። ከዚያ ወደ ድብልቅ ፍልሚያ ገብቶ፣ የሚመች ነውና፣ በከባድ ሚዛን ተጋጥሞ አልተሸነፈም። ሆኖም የልምምድ ጓደኛው የከባድ ሚዛኑ ሻምፒዮን ነበርና ከወዳጁ ላለመጋጠም ወደ 205 ፓውንድ ወረደ።

በ2017 ሚያዝያ በቡፋሎ ከተማ ሻምፒዮናነቱን ለማስጠበቅ ሲመዘን ሚዛኑ 206.2 አለ። ከሁለት ሦስት ደቂቃ በኋላ ተመልሶ፣ ልብሱን አውልቆ፣ በፊቱ በተዘረጋለት ፎጣ ተከልሎ ወጣ። እጆቹን ፎጣው ላይ አሳርፎ ሚዛኑ 205 አለ! ሰው በሁለት ደቂቃ ከአንድ ፓውንድ በላይ እንዴት ይቀንሳል? ፎጣውን የያዙት ሰዎች ከሰውነቱ ጥቂቱን ተሸክመውለት ነበር ማለት ነው። ያየ ሁሉ ሳቀ፤ ኋላም ፎጣ መንካት ተከለከለ። እኔም ስቄአለሁ። ሆኖም ያን እጅ ፎጣው ላይ ያሳረፈው ሰው ቤጂንግ ላይ ኩላሊቱ የቆመበት ያው ሰው መሆኑን ሳስብ ሳቄ ገታኝ።

የዚያ ምሽት ተጋጣሚውስ ማን ነበር? አንቶኒ ጆንሰን። ጆንሰን ሥራውን የጀመረው በ170 ፓውንድ ነው። በ2012 ጥር በሪዮ በ186 ልክ እንዲገባ ተጠብቆ 197 ሆኖ መጣ። በማግስቱ ዓመት በከባድ ሚዛን ተጋጠመ። ያው ሰው፣ ያው አጥንት። ኮርሚየርም በ2018 ሐምሌ የከባድ ሚዛኑን ዘውድ ጫነ። ሁለቱ በቡፋሎ በ205 ፓውንድ ስም ሲተያዩ፣ በመካከላቸው የተጻፈው ቁጥር የአንዳቸውም ልክ አልነበረም።

«ታዲያ ማን አስገደዳቸው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔም መጀመሪያ እንዲሁ ብዬ ነበር። ነገር ግን ስታዲየም ገብቶ የሚያውቅ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ከፊት ያለው አንድ ሰው በደንብ ላይ ብሎ ይነሣል፤ ከኋላው ያለው እንዳይጋረድበት ይነሣል፤ በመጨረሻ ሁሉም ቆሞ ያያል። ማንም ተቀምጦ ከነበረው የተሻለ አላየም፤ የሁሉም እግር ግን ዝሏል። አንዱ ብቻውን ልቀመጥ ቢል ደግሞ ጨርሶ አያይም። ተፋላሚም እንዲሁ ነው። ሁለቱም ስምንት ስምንት ኪሎ ከጣሉ በመድረኩ ላይ ያው እኩያሞች ናቸው፤ ያተረፉት የለም። አንዱ ብቻውን ቢተው ግን ከሚበልጠው ሰው ይጋጠማል። ስለዚህ ነውሩ የአንዱ ግለሰብ ሳይሆን የሥርዓቱ ነው፤ ምክርና ተግሣጽም ብቻውን አይፈታውም።

የሚፈታው ምን እንደሆነ የ1997ቱ ሐዘን አስተምሯል። የአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ማኅበር ከወር በኋላ፣ በ1998 ጥር፣ የላስቲክ ልብስን፣ የእንፋሎት ክፍልንና ሽንት የሚያሸና መድኃኒትን ከለከለ። በየመደቡ ላይ ሰባት ፓውንድ ጨመረ። ከሁሉ በላይ ግን ምዘናውን ወደ ግጥሚያው አስጠጋው፤ በሚዛኑና በግጥሚያው መካከል የሚቀረው ከሁለት ሰዓት የማይበልጥ ሆነ። ቀጥሎም የተማሪው ዝቅተኛ ክብደት በወቅቱ መጀመሪያ፣ ሰውነቱ ረጥቦ ሳለ ሽንቱ ተመርምሮ እንዲወሰን አደረገ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ተማሪዎቹ ክብደት የሚጥሉበት መጠን ከቀድሞው መቀነሱን አሳይተዋል። ያንግ ሲሞት ማኒላ ላይ ውድድሩን ያዘጋጀው የእስያው ዋን ሻምፒዮንሺፕም ራስን አድርቆ መመዘንን ከልክሎ የሽንት ምርመራ ጀመረ። የካሊፎርኒያ ግዛት ኮሚሽን በ2017 ባወጣው ዕቅድ ከምዘናው በኋላ ከአሥር በመቶ በላይ የሚጨምረውን ተፋላሚ ወደ ላይኛው መደብ እንዲወጣ መምከር ያዘ። በዚያው ዓመት 165፣ 175፣ 195 እና 225 ፓውንድ የተባሉ አዳዲስ መደቦች ጸድቀው ነበር። ዩ ኤፍ ሲ ግን አልተቀበላቸውም። ይልቁንም ከ2016 ጀምሮ ዋናው ምዘና በዋዜማው ማለዳ ይደረጋል፤ ከሰዓት በኋላ ሕዝብ ፊት የሚደረገው ምዘና ለወጉ ያህል ነው። ተፋላሚዎቹ በዚያ መድረክ ሲወጡ ጠግበውና ጠጥተው ነው፤ የሚነገረው ቁጥር ግን የጠዋቱ ነው። ሚዛኑ ዱሮ የሚዋሸው በሰዎች ብልጠት ነበር፤ አሁን ውሸቱ መድረክ ተሠራለት።

ምዘናውን ማስጠጋት መድኃኒት ቢሆንም ፍቱን ነው ማለቴ ግን አይደለም። በኦሎምፒክ ትግል ዛሬ ተወዳዳሪው የሚመዘነው በየውድድሩ ቀን ጠዋት ነው። በ2024 ነሐሴ በፓሪስ ሕንዳዊቷ ቪኔሽ ፎጋት በ50 ኪሎ በአንድ ቀን ሦስት ተጋጣሚዎችን ረትታ ለፍጻሜ ደረሰች። በ53 ኪሎ ትታገል የነበረች ናት፤ ያን ስፍራ ሌላ የአገሯ ልጅ ይዛዋለችና ነው የወረደችው። ለመታገል የበላችውና የጠጣችው ክብደቷን ስለመለሰው ሌሊቱን ሙሉ ስትሮጥና ስታልብ፣ ጠጉሯንም ስትቆረጥ አደረች። ጠዋት ሚዛኑ አንድ መቶ ግራም አተረፈባት። ከውድድሩ ተሰረዘች፤ ይግባኟም ውድቅ ሆነ። አንድ መቶ ግራም የአንድ ስኒ ቡና ያህል ነው። ያም ሆኖ እዚህ ላይ ሚዛኑ አልዋሸም፤ የዋሸው ሰው የመረጠው ቁጥር ነው።

የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ጉድ የሚያውቀው በከንቱ አልነበረም። እኔ በዚህ ታሪክ ተጠምጄ ሳለሁ እህቴ ስልክ ደውላ፣ «ወንድሜ፣ ይህ ልጅ እህል ውኃ ትቷል፤ ምን ጾም እንደያዘ አንተ ጠይቅልኝ» አለችኝ። ክንዴን ውርር አደረገኝ። ለካ ልጁ በአንድ ጂም ውስጥ ኪክ ቦክስ እየተለማመደ ኖሯል። ሄጄ ክፍሉን ብከፍት ከበሩ ጀርባ የላስቲክ ልብስ ተሰቅሏል። ዕድሜው አሥራ ሰባት ነው።

አልተቆጣሁም። ስለ ሰፈራችን ቦክሰኛ ነገርኩት፤ ስለ ኮርሚየር ኩላሊት፣ በ33 ቀን ስለሞቱት ሦስት ተማሪዎችም ነገርኩት። አዳምጦ ሲያበቃ፣ «እኔ ብተው ሌላው ካልተወስ ጋሼ?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ለዚህ ጥያቄ የምሰጠው መልስ አልነበረኝም፤ ደንብ አውጪ አይደለሁምና። ያልኩት ይህን ብቻ ነው፤ «በዓርብ ኪሎህ አሸንፈህ ከምትመጣ በራስህ ኪሎ ተሸንፈህ ብትመጣ እመርጣለሁ።»

አሠልጣኙ አጉረምርሞ ነበር አሉ። በመጨረሻ ግን ከፍ ባለው መደብ መዘገበው። የውድድሩ ዕለት ሄጄ ተመለከትሁት። ከእርሱ የገዘፈ ልጅ ደረሰውና ሦስቱንም ዙር ታግሎ በነጥብ ተሸነፈ። እግሩ ግን አልከዳውም። ማታ እህቴ ቤት ስንደርስ ፊቱ አብጦ፣ ኩርፊያው ሳይለቀው ገበታ ቀረበ። ትልቅ ብርጭቆ ውኃ በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ እጁን ወደ ሞሰቡ ሰደደ። እናቱ አንዴ እርሱን፣ አንዴ እኔን እያየች፣ ምንም ሳትናገር እንጀራ ጨመረችለት።